ጉድጓድ ያልገባው የሲጋር ሣጥን

ያ ሣጥን የሂርናን ሱቅ አስከፍሎኛል። ሱቁን ብቻም አይደለም፤ የአጎቴን ሰላምታ ለሁለት ዓመት፣ የግብር ገማቾችን ርኅራኄ ደግሞ ለዕድሜ ልክ። ይህን ሰምቶ የሚያዝንልኝ ሰው ካለ ሐዘኑን ለራሱ ያስቀምጥ።

ነገሩን ያስነሣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ከድሬዳዋ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ሲጋር የሚቀመጥበት ሣጥን ሊገዛ ፈልጎ ሦስት ዓይነት አሳየኝ፤ አንዱ የመስታወት ክዳን አለው፣ አንዱ እርጥበት የሚለካ መርፌ፣ አንዱ ቁልፍ።

“አጎቴ፣ የቱ ይሻላል?”

“መጀመሪያ የት እንደምታስቀምጠው ንገረኝ።”

“ቁም ሣጥን ውስጥ ነዋ። ሰው እንዳያየው።”

ይሄኔ ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ ደሜን የሚያፈላ ብዙ ነገር የለም፤ ይሄኛው ግን የቆየ ነው።

የዛሬው ጭሮ ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር። እኔ ትምህርቴን ከሚዛንና ከጭነት መኪና ላይ ያገኘሁ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝም፣ ንግድ ያስገቡኝም አጎቴ ሐጂ ሙሜ ናቸው። ከቆላ ቆዳ ሰብስቤላቸው እመጣለሁ፣ ጨውና አቡጀዲ ጭኜላቸው እሄዳለሁ። ሐጂ ሦስት ሱቅ ነበራቸው፤ ኮት ግን አንድ፤ እሱም ክርኑ ላይ የተጣፈ። ድህነት አልነበረም፤ ሙያ ነበር። የከተማችን ነጋዴ ያለውን ማሳየት ነውር ብቻ ሳይሆን ቂልነት ነው የሚለው። ገማቾች መጡ የተባለ ጠዋት አሰበ ተፈሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትደኸያለች። ሬዲዮ ገለባ ውስጥ ይገባል፣ ምንጣፍ ይጠቀለላል፣ አዲስ ጫማ ከዶሮዎቹ ጋር ያድራል። የቀረውን የማሽላ ጉድጓድ ይውጠዋል። እኛ አገር ማሽላ የሚከተተው መሬት ውስጥ ነው፤ አፉ ከተደፈነ በኋላ ምን እንዳለበት ባለቤቱና አላህ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ገማቾቹም መደበቃችንን ያውቃሉ፤ እኛም ማወቃቸውን እናውቃለን። ሁሉም ሰው ፊቱን አኮሳትሮ ሥራውን ይሠራል።

ሲጋሩን ያገኘሁት ሚኤሶ ነው። ሲጋር ስል ሲጋራ ማለቴ አይደለም፤ ያንን አውራ ጣት የሚያህል ጥቅል ትምባሆ ነው። ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ዘግቶ ሊሄድ ዕቃውን ሲያጣራ፣ አንድ ካርቶን ሲጋር ከራሴ ድርሻ በሆነ ቆዳ ለወጥኩት። ለበዓል ለሹማምንቱ እሸጠዋለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

“ይሄ ደረቅ አታድርግ” አለኝ ሙሴ፣ ካርቶኑን ሲያስረክበኝ። “እርጥብም አታድርግ። እንደ ልጅ ያዝ። ሣጥን ያስፈልጋል።”

“ታዲያ ሣጥኑን ስጠኛ!”

“ሣጥን? ሣጥን የኔ ነው፣ ከኔ ጋር ይሄዳል።”

ወደ ላይ ስንመለስ በትሬንታ ኳትሮው መኪና ጭነት ላይ ተጋድሜ አንዱን ለኮስኩ። የቆላው ሙቀት ከኋላችን ቀርቷል፤ ዳገቱ ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ የታጨደ ማሽላ ይሸታል። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ጥንቅሽ እየላጡ ይመጣሉ፤ እኔ እግሬን ዘርግቼ ጭሴን ወደ ሰማይ እሰዳለሁ። አንዱ “አቦ ዩሱፍ፣ ጃንሆይን መሰልክ!” አለኝ። ከተማ ስንገባ መሸጡን ትቼው ነበር።

የማስቀመጡ ነገር ግን አስቸገረኝ። መጀመሪያ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት፤ ቀን ይግላል፣ ጠዋት ያልበዋል፤ ሲጋሮቹ ጫፋቸው ሻገተ። ቀጥሎ እንደ ጫት በእርጥብ የሙዝ ቅጠል ጠቀለልኩት። ጫት ነገ ይታኘካል፤ ሲጋር ግን ወራት የሚቆይ ነው፤ አብጦ ልጣጩ ተሰነጠቀ። ያኔ ገባኝ፤ እርጥበቱ ከአጠገቡ ይሁን እንጂ ትምባሆውን መንካት የለበትም።

አናጢው ኦቦ አደም ዘንድ ሄድኩ።

“ለትምባሆ ሣጥን?” አለ፣ መጋዙን አቁሞ። “ለቁርኣን ሠርቻለሁ፣ ለሙሽራ ሠርቻለሁ። ትምባሆ ሊዳር ነው እንዴ?”

“ሳቅህን ጨርስና እንጨት አሳየኝ።”

የጥድ፣ የዝግባና የዋንዛ ቁራጭ ወስጄ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አንድ ሲጋር በጨርቅ አሰርኩና ተውኳቸው። ኋላ ሳጨሳቸው የጥዱ እርሳስ የማኘክ ያህል ነበር። የዝግባው የከፋ አይደለም። የዋንዛው ግን የሲጋሩን የራሱን ጣዕም ጠብቆ ነበር። ዋንዛ ይሁን አልኩ፤ ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ማዕዘኑ ላይ ውሃ የጠጣ ገል የሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል ያለው። ሣጥኑ ሲያልቅ የሣሎን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩትና ለቆዳ ወደ አሰቦት ወረድኩ።

ስመለስ እናቴ በር ላይ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። እኛ ቤት አዲስ ዕቃ፣ በተለይ የወተት ዕቃ፣ በኤጀርሳ ጭስ ሳይታጠን ምንም አይገባበትም። ኤጀርሳ የምንለው ወይራውን ነው። ሲጋሮቹን አውጥታ፣ ሣጥኑን እንደ ወተት ጮጮ በፍም ላይ ደፍታ አጥናው፣ መልሳ ደርድራቸዋለች።

“እማዬ! ምን አደረግሽ? ይሄ እኮ ምግብ አይደለም!”

“አፍህ ውስጥ አይደል የምትከተው?”

አንዱን ለኮስኩ፤ የእርጎ ዕቃ የማጨስ ያህል ሆነ። ሌላ ሣጥን ላሠራ አሰብኩና ተውኩት። የቤታችን ሽታ ነው፣ ምን ይሁን?

ሐጂ ሙሜ በዚያ ዓመት የሂርናን ሱቅ ሊሰጡኝ ቃል ገብተው ነበር። ሂርና ማለት መንገድ ላይ ያለች፣ ሐረር ወራጁም አዲስ አበባ ወጪውም የሚቆምባት ከተማ ናት። የኔ ሰው የመሆን ጉዳይ ሁሉ እዚያች ሱቅ ላይ ነበር። ከምሳ በኋላ፣ በርጫ ሰዓት ላይ፣ የጫት እስራቸውን ይዘው ቤቴ ገቡ።

“ገማቾቹ በዴሳ ከተማ ደርሰዋል” አሉ ሳይቀመጡ። ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ። “ያንን ነገር ጉድጓድ ክተተው።”

“ሐጂ፣ ጉድጓድ ከገባ ይሻግታል።”

“ይሻግት! አንተ ከምትሻግት።”

“ቆዳ ሰጥቼ የያዝኩት ነው። አልሰረቅኩትም።”

“የሚደብቀው የሰረቀ መሰለህ? ሌባማ ምን አለበት፣ ግብር አይጠየቅ! የሚደብቅ ሐቀኛ ነው!” አሉና ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። “የሂርናው ይኸው። ሣጥኑ ይግባ፣ ቁልፉን ውሰድ።”

ቁልፉን አየሁት። ያየሁት ግን አባቴን ነበር። አባቴ ሲሞት አልጋው ሥር የሱፍ ካፖርት ተገኝቷል፤ አንድ ቀን እንኳ ያልተለበሰ፣ ብል የጨረሰው። ሰው እንዳያይበት ነበር። ያን ካፖርት እናቴ ስታራግፈው ክሩ እንደ አቧራ በቤቱ ውስጥ ሲበን ቆሜ አይቻለሁ።

“ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ፣ ሐጂ” አልኩ።

ጫታቸውን አንሥተው ወጡ። ሳይቅሙ።

ገማቾቹ በማግስቱ መጡ። አለቃቸው ከመሐል አገር የተሾመ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ነበር። አጎቴን አፈር ላይ ተቀምጠው ባዶ ጆንያ ሲጠግኑ አግኝቷቸው ነው የመጣው። እኔ ቤት ሲገባ ሣጥኑን ከፍቼ አቀረብኩለት።

“ይውሰዱ፣ ጌታዬ።”

አንዱን መረጠ፣ ለኮሰ፣ ሳበ። ሳሉ እስኪያስለቅሰው ሳለ።

“ምንድን ነው ይሄ? እርጎ እርጎ ይላል!”

እናቴ ከጓዳ ሆና “እኔ ነኝ ያጠንኩት የኔ ልጅ! እንዳይበላሽባችሁ!” አለችው።

ሰውዬው ሳቀ። ተቀምጦም እስከ መጨረሻው አጨሰው። ሲነሣ፦

“ያልደበቀ ነጋዴ ሳገኝ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። ሽልማት ይገባሃል” አለኝ።

“ይሸልሙኛ።”

“የግብር ደረጃህን ከፍ አደርገዋለሁ። እስካሁን የሐጂ ሙሜ ሠራተኛ እየተባልክ ነው የታለፍከው። በማን ስም ልጻፍ?”

“በራሴ” አልኩ።

የሂርና ቁልፍ በዚያው ሳምንት ለአጎቴ ልጅ ተሰጠ። እኔ የተጨመረብኝን ግብር ለመክፈል ከቆላ ደጋ፣ ከደጋ ቆላ ስል ከረምኩ፤ ቆዳዬንም በስሜ ሸጥኩ። አጎቴ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። እኔም ሲጋሬን ለኩሼ በአጠገባቸው አልፋለሁ። ኤጀርሳው ከሩቅ ይሸታቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ስልኩን እየነካካ ሰማኝ።

“እንግዲያው ባለ መርፌውን ልግዛ?”

“ባለ መስታወቱን ግዛ” አልኩት። “ሳሎን አስቀምጠው።”

እሱ የሚያደርገውን ያድርግ። የኔ ሒሳብ ተዘግቷል። ሱቁ ሄዷል፣ ግብሩ ጨምሯል፣ ሲጋሩ አልቋል። የተደበቀ የለም።