በአባቴ ስም የላክኋቸው ጥያቄዎች

አባቴ አረካ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነበር። ጡረታ ወጥቶ የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ሲያጣ ወደ እኛ ዞረ። ታናሽ እህቴ፣ ነገር ፈላጊ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተችለት። አባላቱ አራት ነበርን፦ እሱ፣ እሷ፣ ባሏና እኔ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አላገኘንም። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ስልክ ይጮሃል፣ ጥያቄ ይመጣል፣ ምሳ ሰዓት ድረስ ያልመለሰ ይሰደባል።

እውነቱን ልናገርና እኔ አልወድለትም ነበር። ሶዶ ውስጥ ፋይል ክፍል የሚሠራ ሰው ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት የምፈልገው ሻይ እንጂ እንቆቅልሽ አይደለም። አብዝቶ የሚወደው ለቃላት ቁጥር ሰጥቶ ማምታታት ነበር። መልሱን ደግሞ ብትገድለው አይነግርህም። ስትሳሳት «ደግመህ አንብብ» ይልሃል፤ ሌላ ቃል የለውም። ሁልጊዜ ቀድማ የምታገኘው እህቴ ነበረች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እንዲህ ብሎ ላከ፦ «ቤት ሁለት ነው። ገበያ ሦስት ነው። መምህር አራት ነው። መልሱ ስንት ነው?» አየሁት፣ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፣ ሥራ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ አባቴ ጓሮ እንሰቱ መሐል ወድቆ ተገኘ። ሆስፒታል ሳይደርስ ባጃጅ ውስጥ አለፈ።

እህቴ በዚያን ጊዜ ሶዶ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሰባት ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባታል፤ ይሄኛውን ደግሞ የደም ግፊት ይዞባት ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዟል። ባሏን ለብቻው ጠርቶ፣ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይነካት፣ አለዚያ ለእናትም ለልጅም እንደሚያሰጋ ነግሮታል።

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ሰዓት አለው፤ ማለዳ ነው። ሰው አለው፤ ሽማግሌና የንስሐ አባት ነው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ መርዶ አይነገርም። የአባቴ ታላቅ ወንድም አስከሬኑ ቤት ሳይገባ ሁላችንንም ሰብስቦ ወሰነ፤ እስክትወልድ አትሰማም፣ ጥያቄውም እንዳይቋረጥ። የሟችን ስልክ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። ለምን እኔ ብዬ አልጠየቅሁም። የበኩር ልጅ ነኝ፣ ሶዶ ነው የምኖረው፣ በቃ።

በማግስቱ ቀበርነው። ከቀብር መልስ ሚኒባስ ይዤ ሶዶ ወረድኩ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ጓዳ ገብቼ ጥቁር ሸሚዜን በሰማያዊ ቀየርኩ። ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ሙዝ ገዝቼ እህቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እማማ እግሯን ስላመማት መምጣት አልቻለችም አልኳት። የአባባ ስልክ ድምፅ ማስተላለፍ እምቢ ብሎታል፣ መጻፍ ብቻ ነው የሚችለው፣ አልኳት። ውሸት እንዲህ እንደሚቀናኝ አላውቅም ነበር። እሷ ሙዙን ልጣ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አረካ ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛ መሐል ተቀምጫለሁ፤ የአባቴ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ድምፁን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ሰው ሁሉ ወደ ኪሴ ዞረ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። ያን አስተያየት እግዜር ለጠላቴም አይስጠው።

እህቴ ነበረች። «አባባ፣ መልሱ ስንት ነው ትለናለህ፤ የምኑ መልስ? አንድ ቃል አልረሳህም?» ብላ ጽፋለች። ጥያቄውን ደጋግሜ አየሁት። እውነትም ጎደሎ መሰለኝ፤ ቤት አለ፣ ገበያ አለ፣ መምህር አለ፣ የሚጠየቀው ቃል የለም። ሽማግሌው በዕድሜው መጨረሻ አንዴ ተሳሳተ አልኩ። ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ በአባቴ ስም ጻፍኩ፦ «ይቅርታ ልጄ፣ ረስቼ ነው። መስኮት ስንት ነው?»

ብዙ ቆየች። እኔ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ «አራት» ብላ መለሰች። ተመስገን አልኩ፣ ወደ ለቅሶዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጥያቄዎቹን ከሚጽፍበት ደብተር በየጠዋቱ አንድ እየገለበጥኩ እልክ ጀመር። መልሷ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሳቅ የለ፣ ጨዋታ የለ። አንድም ቀን ልደውልለት አላለችም፣ እማማ እግሯን ተሻላት ወይ አላለችም። እኛ ሞኞቹ ይሄን እፎይታ አደረግነው። አጎቴማ እግዜር ልቧን አረጋጋልን ይል ነበር።

ደብተሩን ስገልጥ በሳምንቱ ያቺን የሐሙሷን ጥያቄ አገኘኋት። ከሥሯ በእጁ ጽሑፍ፣ ቁጥሩ የፊደሉ ብዛት መሆኑንና መልሱም ሦስት መሆኑን አስፍሯል፤ «መልሱ» ራሱ ነው ተጠያቂው ቃል፣ ሦስት ፊደል ነው። አልተሳሳተም ነበር። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ያላጠፋውን ጥፋት በስሙ ይቅርታ ጠየቅሁበት። እሷም ስላላገኘችው ነው የጠየቀችው፣ አላወቀችብኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከቀብሩ ወር ሳይሞላ በኦፕራሲዮን ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ እፍኝ የማትሞላ። ልጅቷ እየበረታች መጣች፣ እነሱም ቤታቸው ገቡ። አጎቴ ቀን ቆረጠ። አንድ ማለዳ የንስሐ አባቱን፣ ሴቶቹንና እኔን አስከትሎ በሯን አንኳኳ። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ውጪ ቆመች፤ ነገሩ ሲነገር ልትገባ።

እህቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። አጎቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የሰው ልጅ እንግዳ ነው ብሎ ጀመረ።

«አጎቴ፣ አይድከሙ» አለችው። «አባቴ መሞቱን አውቃለሁ። እማማን አስገቧት፣ ብርድ ነው።»

ለእሪታ የተዘጋጁት ሴቶች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። እኔ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አልኳት። ከዚያች ከቅዳሜዋ ጀምሮ ነው አለች። የሐሙሱን ጥያቄ ገና እንደተላከ አግኝታዋለች። አንድ ቃል አልረሳህም ያለችው አውቃ ነው፤ አልጋ ላይ ሰልችቷት፣ ሽማግሌው ተናዶ ደግመሽ አንብቢ እንዲላት። በምትኩ የመጣው ይቅርታ ሆነ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ይቅርታ አይልም፣ አለች።

ከዚያ ስለ ቀብሩ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ማን አጠበው፣ ማን ተሸከመው፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ነው። እያንዳንዱን መለስኩ። እናቴ ገብታ ጎኗ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። እህቴ ግን ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፣ ሳላስበው።

«ብነግርህ ሁላችሁም አልጋዬን ከብባችሁ ታለቅሱ ነበር። ግፊቴ ይወጣል፣ ልጄ ትሞታለች። አንሶላ ነክሼ ለቅሶዬን ዋጥኩት፤ አንተ ስትመጣ አንሶላውን ከአፌ አወጣሁት፣ ስትሄድ መልሼ ነከስኩት።» ልጅቷን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች። «በየቀኑ በአባቴ ስም ትጽፍልኝ ነበር። እኔ አባት አልነበረም የጎደለኝ፤ መሞቱን አውቄያለሁ። አንድ ቀን በራስህ ስም እንዴት አደርሽ ብትለኝ ኖሮ፣ ለአንተ እነግርህ ነበር።»

ወደ ግቢው ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩ። የዚያን ወር ግሩፕ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ የአባቴ ስም፣ የእሷ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የእሷ ስም። ከእኔ የተጻፈ አንድም መስመር የለም።