ቤቱ በጭብጨባ ተቀብሎታል

ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን ሰባት የቀበሌ ቤቶች ነበሩበት። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በሩ አጠገብ ባለው ቤት ነው። ጓሮ በኩል ባለው ቤት ደግሞ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር፤ እሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። እትዬን ስትሮክ ከመታቸው ዓመታት አልፈዋል። ከአልጋ አይወርዱም፣ ራሳቸውን ችለው ጎናቸውን እንኳ አይቀይሩም። ጋሼ ደግሞ ወገባቸው አይታዘዝላቸውም። ስለዚህ የግቢው ሴቶች ተራ ገብተው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያገላብጧቸዋል፣ ያጥቧቸዋል። ይህን ያዘዘ ሰው የለም፤ ማን እንደጀመረውም አላስታውስም።

ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነው የሚለው ወሬ እውነት ሆኖ ሲገኝ፣ ሌላው ሰው ስለ ካሳውም ስለ ርቀቱም ተጨነቀ። የኛ ግቢ ጭንቀት አንድ ነበር። ወዴትም ይውሰዱን፣ ብቻ አንድ ሕንጻ ላይ አብረን እንመደብ። ከተበተንን እትዬን ማን ያገላብጣቸዋል?

ብዙም ሳይቆይ ስብሰባ ተጠራን። መጥሪያው ላይ «የልማት ተነሺዎች» ተብለናል። ጋሼ ሲያነቡላቸው እትዬ፣ «እኔንም ነው ተነሺ የሚሉኝ? አፋቸው ይባረክ» ብለው ከሳቁ በኋላ ሳል ይዟቸው ውሃ አጠጣናቸው።

ስብሰባውን የሚመራውን የወረዳ ኃላፊ በሰፈሩ የሚወደው ሰው አልነበረም። የሱቆቹን ፊት በሙሉ አንድ ዓይነት ግራጫ አስቀብቶ፣ ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ እንደሚፈርሱ የነገረን እሱ ነው። ከዚያም በላይ ሲናገር ማቆሚያ የለውም። እኔም አልወደውም ነበር፤ አሁንም አልወደውም።

ቃለ ጉባኤ ያዥ ከነዋሪው ይመረጥ ሲባል ጋሼ ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሱ ይያዝ፣ የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። መሥሪያ ቤትም ሥራዬ ይኸው ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሌላውን ሰው ንግግር በጨዋ አማርኛ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ወንበሬን ስቤ ከመድረኩ ሥር ተቀመጥኩ።

ጋሼ ጥያቄያችንን በአጭሩ አቀረቡ። «እኛ ግቢ የታመመ ሰው አለ። ሰባት ቤት ነን፤ አንድ ሕንጻ ላይ ከተመደብን ሌላ ነገር አንጠይቅም።»

ኃላፊው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ጀመረ። ስለ ከተማዋ ገጽታ ተናገረ፣ ስለ ቱሪስት ተናገረ፣ ዱባይን ሁለት ጊዜ አነሳ። እያንዳንዱ አባወራ ለየብቻው ዕጣ እንደሚያወጣ በመሀል ጣል አድርጎ አለፈና ወደ ዱባይ ተመለሰ።

እኛ ጋ ተናጋሪ ሲያንዛዛ «ይበቃሃል» አይባልም፤ ይጨበጨብለታል። ሠርግ ላይ ምርቃቱ ሲረዝም፣ ስብሰባ ላይ ሰው ሲለፈልፍ፣ አንዱ ከኋላ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል፣ ተናጋሪውም ገብቶት ይቀመጣል። ያን ቀን ማን እንደጀመረው አላየሁም፤ ብቻ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰውየው ግን አልገባውም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አመሰግናለሁ» አለና ቀጠለ። እንደገና አጨበጨብን፣ እንደገና አመሰገነ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንፈቀፈቅ ነበር። በአራተኛው ጭብጨባ ነው የተቀመጠው።

በስብሰባ ቋንቋ ተሰብሳቢው «ቤቱ» ነው የሚባለው። ቤቱ ይፈቅዳል፣ ቤቱ ይስማማል፣ ቤቱ ይወስናል። እኔም ሳቄን እየታገልኩ፣ እጄ በለመደው መንገድ፣ «ምደባው በዕጣ እንደሚሆን ተብራርቶ ቤቱ በጭብጨባ ተቀብሎታል» ብዬ ጻፍኩ። ተንኮልም ቀልድም አላሰብኩም። ጭብጨባ በሰማሁ ቁጥር ለዓመታት የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ሲፈረም ያነበበው የለም፤ ጋሼም መነጽራቸውን ሳያወጡ «የነዋሪው ተወካይ» በሚለው ላይ ፈረሙ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እኔና ጋሼ ማመልከቻና የሐኪም ወረቀት ይዘን ኃላፊው ቢሮ ሄድን። ሻይ አስመጣልን። ማመልከቻውን አነበበና ከመደርደሪያ ፋይል አወጣ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ተወያይተን የጨረስነው ጉዳይ ነው። ይኸው፦ ‹ቤቱ በጭብጨባ ተቀብሎታል።› የራሳችሁ ሰው የጻፈው ነው፣ እርስዎም ፈርመውበታል። በቃ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ማለት የነበረብኝ ነገር አጭር ነው፤ ያጨበጨብነው አንተን ለማስቀመጥ ነው። ግን ሰውየው ፊት ለፊቴ ነው፣ ሻዩን እየጠጣሁ ነው፣ ያን ቀን ሲያስታውስ ደግሞ ፊቱ ፈካ ብሏል። ምናልባት በሥራ ዘመኑ ከልብ የተጨበጨበለት የመሰለው ያን ቀን ብቻ ይሆናል።

«ጭብጨባው እንኳ… ማለቴ…» ብዬ ጀመርኩና ይሉኝታ ያዘኝ። «ማለቴ፣ ሰዉ በጣም ሞቅ ብሎት ነው።»

«እውነትህን ነው፣ ደስ የሚል መድረክ ነበር» አለ።

ጋሼም «ይሁን እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ብድግ አሉ።

ደረጃውን ስንወርድ ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ። ለምጠላው ሰው ይሉኝታ! ከኋላቸው እየሄድኩ ይቅርታ ስጠይቃቸው ጋሼ ቆም አሉ። «እኔስ ምላስ አጥቼ ነው? እሱ ነገር ሰው ፊት እንዴት ይባላል?» አሉኝ።

ዕጣው ሲወጣ ከሰባታችን ሁለታችን እንኳ አንድ ሕንጻ ላይ አልወደቅንም። ጋሼና እትዬ የከተማው ሌላ ዳር ደረሳቸው። ላለመዋሸት ያህል፣ ሕመማቸው ታይቶ ግራውንድ ላይ ነው የተሰጣቸው። ቤቱም ከቀበሌው ቤት ይሻላል፤ ውሃውም ሽንት ቤቱም ውስጥ ነው።

ከወር በኋላ አንድ እሑድ ከአዲሱ ቤቴ ሁለት ታክሲ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቀትር ላይ ስደርስ ጋሼ ከሕንጻው መግቢያ ቆመው የምታልፈውን ሴት ሁሉ ያያሉ።

«ጋሼ፣ ማንን እየጠበቁ ነው?»

«አንዷ ፊቷ ደግ ከመሰለኝ እንድታገላብጥልን ልለምናት ብዬ ነው። ከትናንት ጀምሮ አላገኘሁም» አሉ። «ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። አያውቁንም፣ በቃ።»

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተኝተዋል። ድምፄን ሲሰሙ መረቁኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ ነበር።

«ነግሮኛል» አሉ። «አሁን እሱን ተወውና እጅህን ታጠብ። ከትናንት ጀምሮ በዚህ ጎኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ሲያገላብጧቸው እኛን ወንዶቹን ያስወጡን ስለነበር እንዴት እንደሚያዙ አላውቅም። እትዬ ራሳቸው አስተማሩኝ፤ አንዱን እጅ ከትከሻ ሥር፣ ሌላውን ከዳሌ ሥር። «አትፍራ ልጄ፣ አልሰበርም» አሉኝ። ቀስ አድርጌ ሳዞራቸው ተኝተውበት የነበረው ጎን መቁሰሉን አየሁ። ጋሼ ወደ በሩ ዞረው ቆመው ነበር።

እትዬ ተመቻችተው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ነገስ?» አሉኝ።

እኔ የምኖረው ከዚያ ሁለት ታክሲ ርቄ ነው። ነገ ደግሞ ሰኞ ነበር።