ቴፒን በአንድ ትንፋሽ ከቤት ያስወጣው ሰው

አልሞተም! መጀመሪያ ያልኩት ይሄንን ነው።

እናቴ ዛሬ ጠዋት ከቴፒ ደውላ «ጋሽ ማቴዎስ አረፈ» ስትለኝ ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። «እማዬ፣ ደግሞ ጡሩምባውን ነፍቶ ሸወዳችሁ?» አልኳት።

ለቅሶዋን ለቀቀችው። እናቴ ደግሞ በቀልድ የምታለቅስ ሴት አይደለችም።

ይህን የምጽፍላችሁ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። መንገዱ ያንገጫግጨናል፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ማቴዎስ የሰፈራችን ዕድር ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቶ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ቤቱ ከእኛ አጥር ጀርባ ነው። እና አነፋፉ! እኛ ሰፈር ሆኖ ሲነፋ መናኸሪያ ያሉት ሹፌሮች ወሬያቸውን ያቆማሉ።

ሳንባው ግን በሽተኛ ነበር። ጉልበቱን የጨረሰው ቡና መፈልፈያ ቤት ውስጥ፣ የገለባውን ብናኝ ሲምግ ኖሮ ነው። ሲጋራም ነበረች፣ አልዋሽም። በኋላ ሐኪም «ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው» አለው። ዳገት ሲወጣ መሃል ላይ ይቆምና እጁን አንስቶ «ቆይ፣ ትንፋሽ ልውሰድ!» ይላል። ጥሎት የሚሄድ ሰው የለም። ቀልድ ጀምሮ «ቆይ፣ ትንፋሽ ልውሰድ!» ጸሎት ጀምሮ «ቆይ፣ ትንፋሽ ልውሰድ!» ጡሩምባውን ሲያነሳ ግን ያ ሁሉ ትንፋሽ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ኮሮና መጣና ያዘው።

ሚዛን ሆስፒታል አስገቡት። እኔ ሚዛን የልብስ ሱቅ ስላለኝ አስታማሚው እኔ ሆንኩ፤ በር ላይ መቆም ማስታመም ከተባለ። ነርሷ አልደበቀችኝም። «ኮሮና ጤነኛ ሳንባም ይጥላል። እንደሱ ቀድሞ የተጎዳ ሳንባ ሲያገኝ ደግሞ ይበረታል። ኦክስጅን ላይ ነው፣ እንዳይብስበት እንፈራለን። ጸልዩ» አለችኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ዕድሩም ፈርቶ ጡሩምባውን ለሰፈራችን የሚኒባስ ሹፌር ለታምራት ሰጠ።

ወጣ! ሰዎች፣ ድኖ ወጣ! ከስቶ ኮቱ ትከሻው ላይ እየዋኘ ወጣና መጀመሪያ ያለኝ «ጎደሬ በቆጭቆጫ አምጪልኝ!» ነው። ቀጥሎ «ጡሩምባዬ የት ነው?»

የዕድሩ ሽማግሌዎች «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ሳንባ ነፍተህ ራስህን ልትገድል ነው?» አሉት። እሱ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ተስማሙ፦ መናኸሪያ ድረስ የሚሰማ ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ ጡሩምባው ታምራት ጋ ይቀመጣል። የሚችል ስላልመሰላቸው ነው እንዲህ ያሉት።

ነርሷ በአፍንጫ ስቦ ከንፈርን ሞጥሞጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መተንፈስ አስተምራው ነበር። አጥር ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው እፍ ይላል። እናቴ ከአጥሩ በላይ «ለማን ነው የምታፏጭላት?» ትለዋለች። ይስቅና ያስለዋል፣ እንደገና እፍ ይላል።

ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቴፒ እናቴ ቤት ነበርኩ፣ ሽሮ ተጥዷል። ጡሩምባ!

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ድምፁን ተከትለን ስንሄድ ጋሽ ማቴዎስ ደጁ ላይ ላብ አጥምቆት ቆሟል። ጡሩምባውን የታምራትን ሚስት አግባብቶ ወስዷል ለካ!

«ማነው? ማነው የሞተው?»

እጁን አነሳ። «ቆይ፣ ትንፋሽ ልውሰድ!»

ሁላችንም ከበን ጠበቅነው።

«ማንም! ማንም አልሞተም! መናኸሪያ ተሰምቷል?»

ይህን ሲል ታምራት ሚኒባሱን ከመናኸሪያ እያበረረ መጥቶ ገጭ አለ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ማን ሞተ?!» አይልም?

እልልታው! የዚያን ቀን እልልታ ማሻ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም! እናቴ «ሽሮዬ አረረ፣ አንተ ከይሲ!» እያለች በነጠላዋ ጫፍ ትገርፈዋለች፣ እየገረፈች ታለቅሳለች። ዕድሩ በሐሰት ነፋህ ብሎ ሊቀጣው ተሰብስቦ ጡሩምባውን መልሶለት እየሳቀ ተበተነ።

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ያ ሳንባ፣ ያ ሁሉ ሰው ተስፋ የቆረጠበት ሳንባ ነው እንደዚያ የነፋው!

እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ኮሮና ለቀቀው እንጂ ከሳንባው የቀረውን ቆርሶበት ነው የሄደው። በኋላ ራሱ ጡሩምባውን ለታምራት መልሶ ሰጠ። አስም ያለበትን፣ የሚያስለውን ሁሉ «ክትባት ተከተብ፣ እኔን ያገኘኝ አያግኝህ» እያለ ሲጨቀጭቅ ከረመ። ሰሞኑን የያዘው ጉንፋን ሳንባው ላይ ወረደበት። ኮሮና ይሁን ሌላ፣ አላውቅም።

ዛሬ ማለዳ ታምራት ሲነፋ ማንም አልወጣም አለችኝ እናቴ። «ማቴዎስ ነው፣ ተዉት» ብለው እየሳቁ ተኙ። ታምራት ስሙን ጠርቶ ድምፁ ሲሰበር ነው ሰፈሩ የወጣው።

ጋሼ፣ መናኸሪያ ልንደርስ ነው። ማንም ሳይሞት አስወጣኸን፣ ስትሞት ደግሞ አላመንንህም። እናቴ ዛሬ ምንም አልጣደችም።

ደህና ሁን፣ ጋሼ። ዳገቱ አልቋል። ቆመን እንጠብቅሃለን፣ ማንም አይቸኩልብህም። ትንፋሽ ውሰድ።