እርፍ የጨበጠው ሐውልት

ደብረ ማርቆስ አደባባይ ላይ እርፍ የጨበጠ ገበሬ ሐውልት ቆሟል። ጌታ አይደለም፣ ጦረኛ አይደለም፤ ተራ አራሽ ነው። ደስ ይላል። ግን ማረሻውን ከየት አመጣው? ዙሪያውን አጥር ከሚበይዱት ወጣቶች ዘንድ የጋለ ብረት ሽታ መጣና እግሬን ያዘኝ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። እኔ ሴት ልጁ ወናፍ እነፋለት ነበር። አንድ ቀን አንድ ገበሬ የዶለዶመ ማረሻውን ሊያስቀጠቅጥ መጣ። ተራውን ሲጠብቅ ራበውና አገልግሉን ከፈተ፤ ወዲያው ፊቱን አዙሮ እንጀራውን በጋቢው ሸፈነ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይባል ነበርና።

አባቴ መዶሻውን አስቀመጠ።

«አያ፣ ይኼ ጤፍ የበቀለው እኔ በሠራሁት ማረሻ ነው። ዓይኔ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ከነማሳህ እበላህ ነበር። ግለጠውና ብላ!»

ሰውየው አልገለጠም። አባቴም የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ ነከረው፤ እንፋሎቱ ሁለቱንም ጋረዳቸው።

ዛሬ ከሐውልቱ ፊት ቆሜ ፎቶ ልነሳ ስል አንሺው፣ «እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፤ ማረሻውን ሸፈኑት» አለኝ።

«የአባቴ ሥራ ነው» አልኩት። ንቅንቅ አላልኩም።