ተኝቶ ወተት አይጠጣም

ነገሌ ቦረና ሆስፒታል ውስጥ በሕመምተኛ ረዳትነት ስቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የክፍሉ ሲስተር ትራስና የሻይ ማንኪያ አስይዛኝ፣ «ስትሮክ የመታውን ሰው ቤት ሲገባ የሚያስታምሙት ቤተሰቦቹ ናቸው። አንቺ እነሱን ታስተምሪያለሽ» አለችኝ። እኔን ማን እንደሚያስተምረኝ አልነገረችኝም። እሷን እያየሁ ተማርኩ።

ትምህርቱ ከባድ አይደለም። ጀርባው እንዳይቆስል ቶሎ ቶሎ አገላብጡት። የደከመውን እጁን በትራስ ደግፉት። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩንም ዝቅ ያድርግ። እንደ ውኃና ወተት ያለ ቀጭን ነገር አትስጡት፤ ጉሮሮው ስለማይታዘዝ ወደ ሳንባው ይገባል።

ችግሩ፣ እኛ ዘንድ ጠያቂ ወተት ይዞ ነው የሚመጣው። አስቀምጦም አይሄድም፤ በገዛ እጁ ያስጎነጫል።

ኦቦ ጉዮ ከፊልቱ መንገድ የመጡ ከብት ነጋዴ ናቸው። ቀኝ ጎናቸው አይሠራም። ሚስታቸው አዴ ሎኮ ያስተማርኳቸውን ሁሉ ከእኔ አሳምረው ይሠሩታል። ጠያቂ ወተት ይዞ ሲመጣ ግን ቦታ ይለቁለታል። አንድ ቀን ኦቦ ጉዮን ታላቅ ወንድማቸው ሲያጠጧቸው ወተቱ ትን አላቸው፤ ትኩሳትም ያዛቸው። ሲስተሯ «ከተደገመ አይተርፉም» አለች።

«አዴ ሎኮ፣ ለምን አይከለክሉም?»

«ያ ዋቅ! የባሌን ታላቅ ወንድም እኔ ልከልክል? አንቺ ከልክዪ!»

ታላቅየው ኦቦ ቦሩ በማግስቱ ጮጮ ሙሉ ወተት ይዘው መጡ። «አካም፣ ናጋ?» ብለው ጮጮውን በቀጥታ ወደ ተኛው ወንድማቸው አፍ ወሰዱት። እጃቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ተኝተው ሲጠጡ ትን ይላቸዋል።»

«ወተት መጠጣት ልታስተምሪኝ ነው? አንቺ ሳትወለጂ ጠጥቻለሁ!»

«እንግዲያው እዚያ ባዶው አልጋ ላይ ተንጋለው ይጠጡልኝ።»

ጥምጥማቸውን ሳያወልቁ ተንጋለሉ። ጠጡ። ወተቱ በአፍንጫቸው ወጣ። ሲስተሯ ሳሉን ሰምታ ገባችና «እኚህ ደግሞ መቼ ተኙ?» አለች።

ኦቦ ቦሩ ተነሥተው ጢማቸውን ጠረጉ።

«ቁጭ አድርጉት» አሉ። ቀጥለውም «ታዲያ ወንድሜ ወተት ሳይቀምስ ሊኖር ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሲስተሯ የኦቦ ጉዮን አዋዋጥ አየች። «ኢቲቱ ይስጧቸው፤ በደንብ የረጋውን። ቁጭ ብለው፣ በሻይ ማንኪያ፣ ቀስ እያሉ» አለች።

አዲስ ለሚቀጠሩ የምለው ይህን ነው፦ አስታማሚዋን ብቻ አታስተምሩ፤ እቤቱ ውስጥ ቃሉ የሚሰማውንም አስተምሩ።

ኦቦ ጉዮ ተሽሏቸው ቤታቸው ገቡ። ኦቦ ቦሩ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ። ወተት ይዞ የመጣ ሁሉ ለእሳቸው ያስረክባል። የረጋውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ ቀጭኑን እዚያው ይጠጡታል። በዓመቱ ወፈሩ።