የመምህር ይሄይስ ሳል

የመምህር ይሄይስ ወዳጆች፣ ተማሪዎችና በተለይም በባድሜንተን መረብ ማዶ ቆማችሁ የተናደዳችሁባቸው ሁሉ፣ መምህራችን ዐርፈዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሐሙስ ጠዋት፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሠፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አገሬ እጃቸውን እንደያዙ ነው ያረፉት። በማግስቱም በሐይቁ ዳር ባለው ደብር ካህናቱና የሠፈሩ ሰው በተገኙበት ቀብራቸው ተፈጽሟል። ሩቅ ያላችሁ ሳትሰሙ እንዳትቀሩ፣ ቅርብ ያላችሁም እሳቸውን በትክክል እንድታስታውሷቸው ብዬ ይህን ጻፍሁ።

መምህር ይሄይስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ እኔንም አስተምረውኛል። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር ውስጥ ስማቸው ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ካርታውን ሳይሆን ባድሜንተኑን ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ በአዳራሹ መረብ ይዘረጉና ላባ የተሰካባትን ትንሽ ኳስ በራኬት መምታት ለመጣው ሁሉ ያስተምሩ ነበር። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ሩጫቸውም ያስቃል። በጉልበት ማንንም አሸንፈው አያውቁም። የሚያሸንፉት ሰው በማናደድ ነበር።

መቼም ሰው ሲሞት መልአክ ማድረግ ልማዳችን ነው፤ እኔ አላደርግም። ከመምህር ይሄይስ ጋር መጫወት ያቃጥላል። ነጥብ ስታከታትሉባቸው የጫማቸው ክር ይፈታል። ጎንበስ ብለው ቀስ እያሉ ያስራሉ፤ ያልተፈታውንም እግር ፈትተው እንደገና ያስራሉ። ግሩም አድርጋችሁ ከመታችሁ ደግሞ ከልባቸው የተደነቁ መስለው «ይህን አመታት ከየት አመጣሽው? ክርንሽን እንዴት ብታደርጊው ነው?» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ክርናችሁ ስታስቡ ኳሷ መሬት ላይ ናት። ከሁሉም የባሰው ግን ሳላቸው ነበር። ተጋጣሚያቸው ሰርቪስ ሊመታ እጁን ባነሣ ቁጥር አንዲት ደረቅ ሳል ትሰማለች። ምቱ መረቡ ላይ ይቀራል። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በትሕትና «ይቅርታ፣ የሐይቁ ነፋስ ነው» ይላሉ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ እንኳ የሐይቁ ነፋስ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጡት ከሐይቁ ደሴት ከደቅ ነው ይሉ ነበር። የተወለዱት እዚያ ነው፤ አባታቸው መሪጌታ ነበሩ። «አባቴ ቀለሙን ያልያዘ ተማሪ ገና አፉን ሳይከፍት ያውቁበታል። የሚያዩት ጣቱን ነው፤ የፈራ ሰው ጣቱ አርፎ አይቀመጥም» እያሉ ያጫውቱን ነበር። እኛንም ያስተማሩን ከኳሷ በፊት ሰውየውን እንድናይ ነው። ተጋጣሚያችን ሲቸኩል እንድናዘገየው፣ ሲያመነታ እንድናጣድፈው ያሠለጥኑናል። ዳኛ የሚያስቆጣ ነገር ግን አያስተምሩም፤ የሰውን ቤትና ኑሮ እያነሡ መናገርንም አጥብቀው ይጠሉ ነበር።

አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቶች ውድድር ከአንበሳሜ የመጣች ልጅ ደረሰችኝ። ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት ተጫውታ አታውቅም መሰለኝ፣ ራኬቱ እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደስ አለኝ፤ ጣቷን አይቻለሁና ነጥብ በነጥብ ላይ ደራረብሁባት። በዕረፍት መምህር ይሄይስ ጠሩኝ።

«ኳሷ ላባዋ ተበላሽቷል በይና አስቀይሪ» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አልሆነችም።»

«ዐውቃለሁ። አንች ግን አስቀይሪ። ስትመርጭም ቆይ፤ አንዷን አንሥተሽ አንዷን ጣይ። ልጅቱ ትንሽ ትተንፍስ።»

«እየመራሁ እኮ ነው!»

«ማንን? ልጅቱ ገና መች መጣች። ትምጣና ያን ጊዜ ምሪያት።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ልጅቱ ተነፈሰች፣ እጇ ረጋ፤ ከዚያም አሸነፈችኝ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እሳቸው ግን ያን ቀን እንደ በዓል ቀን ደስ ብሏቸው ዋሉ።

የረጅም ዘመን ተጋጣሚያቸው ጋሽ ደምሰው ናቸው። ጋሽ ደምሰው በጀልባ ማቆሚያው የጀልባ ሞተር ይጠግናሉ፤ ረጅም፣ ጉልበተኛ፣ ቶሎ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ለመምህር ይሄይስ ከዚህ የተሻለ ሲሳይ አይገኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ፤ ጋሽ ደምሰው ይሸነፋሉ፣ ራኬታቸውን ወርውረው ይወጣሉ፣ በሳምንቱ ይመለሳሉ። ያለ እነሱ ቅዳሜ አልነበረንም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጋሽ ደምሰው ቆርጠው መጡ። «ዛሬ ብትስል ብታነጥስ አልሰማህም» አሉ ገና ከበሩ። ጨዋታው ተጀመረ። መምህር ይሄይስ ሳሉ፤ ጋሽ ደምሰው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው መቱ። እንደገና ሳሉ፤ እንደገና ነጥብ ገባባቸው። ዙሪያውን የቆምነው ሰዎች በሳቅ ፈረስን። «ጨምሩበት መምህር!» የሚል ነበር። ጋሽ ደምሰው ኳሷን አንዴ ከመረቡ ሥር፣ አንዴ ከኋላ መስመር እያደረጉ ወዲያና ወዲህ አሯሯጧቸውና አሸነፉ። ራኬታቸውን ሽቅብ ይዘው አዳራሹን ዞሩ። እጅ ሊጨብጡ ሲመለሱ መምህር ይሄይስ የመረቡን ብረት ይዘው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጋሽ ደምሰው በጀርባቸው አዝለው ባጃጅ ድረስ የሮጡትን ሩጫ ያየ ሰው አይረሳውም።

ሐኪሙ የሳንባው በሽታ የቆየና ሥር የሰደደ መሆኑን ነገረን። መምህር ይሄይስ ከፋሲካ ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። ያወቁት እሳቸውና እትዬ አገሬ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጋሽ ደምሰው ጠፉ። ወደ አዳራሹም አልመጡ፣ በሽተኛውንም አልጠየቁ። ሄጄ ሳነጋግራቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ከሞተር ጋር ትግል ላይ ናቸው።

«መምህር ስለ እርስዎ ይጠይቃሉ እኮ» አልኋቸው።

«በምን ዓይኔ ልየው? እሱ ትንፋሽ አጥቶ ሲያጣጥር እኔ ነጥብ እቆጥር ነበር።»

«ማናችንም አላወቅንም።»

«እናንተ ተመልካች ናችሁ። ያሯሯጥሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ለመምህር ይሄይስ ነገርኋቸው። «በሽታው የራሴ ነው፤ እችለዋለሁ። ደምሰውን ግን እንዲህ እንደሆነ ትቼው አልሄድም» አሉ። በኋላም «ቅዳሜ ይምጣ በይው። ካልመጣ በፎርፌ አሸንፌዋለሁ» ብለው ላኩኝ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት በቤታቸው የነበረውን ግርግር እኔ አይቻለሁ። ከአልጋ አንሱኝ ብለው በረንዳ ላይ ወንበር አስወጡ። ጢማቸውን አስላጩ። የስፖርት ጃኬታቸውን ለበሱ። እትዬ አገሬን የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሁሉ ጓዳ እንዲያስገቡ አዘዙ። ጋሽ ደምሰው መጥተው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከደጁ ቆሙ።

«ቁጭ በል» አሉ መምህር ይሄይስ።

«ይሄይስ፣ እኔ እኮ...»

«ስማኝ። ሳሉ የውሸት ነው። እንደ ወትሮው።»

«ሐኪሙ ግን...»

«ሐኪም ጨዋታ አያውቅም። በሽታው ኋላ መጣ። ተሸነፍሁ። ታምሞ ነው ካልህ ታዋርደኛለህ።»

ጋሽ ደምሰው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወንበር ሳቡ። «እንግዲያ ዳግመኛ ልጠይቅህ? ያሸነፍሁህ አሸናነፍ ልክ ነው?» «ልክ ነው።» «የመጨረሻዋ ኳስ መስመር ውስጥ ናት?» «እሷ ውጭ ናት።» ጭቅጭቁ ተነሣ። እስኪመሽ ድረስ ስለዚያች ኳስ ተጨቃጨቁ። ጋሽ ደምሰው ከሄዱ በኋላ መምህር ይሄይስ ቀኑን ሙሉ አምቀው የያዙትን ሳል ትራስ ውስጥ ሳሉት። እትዬ አገሬ እያለቀሱ ጀርባቸውን ይደግፋሉ፤ እሳቸው «አመነኝ አይደል? አመነኝ?» ይሉኛል። አዎ አልኋቸው፤ እኔም ያመኑ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደምሰው አንድ ቀን አልቀሩም። ከማቆሚያው ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፤ ያቺን ኳስ ያነሣሉ፤ ይጨቃጨቃሉ። እስከ መጨረሻው ይህ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ በሐይቁ ዳር መንገድ አብረን እየሄድን ሳለ ጋሽ ደምሰው ቆም አሉ።

«ያመንሁት መስሎት ነው የሞተ፣ አይደል?» አሉኝ።

«አላመኗቸውም ነበር?»

«ይሄይስ ባጭሩ መናገር ያውቃል? ደህና አደርህ ለማለት አገር ያዞርሃል። ያን ቀን ሁለት ሁለት ቃል እየቆረጠ ነበር የሚናገር። ትንፋሽ እንደሌለው ገና ስቀመጥ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«እኔን አሳርፎ መሄድ ፈልጎ ያን ሁሉ ተሰቃይቷል። ያረፍሁ መሰልሁለት፤ ሌላ ምን ላድርግለት?» ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። «ደግሞ ለማስመሰል ብየ ስመላለስ፣ ስጨቃጨቀው፣ አብሬው ስበላ፣ እንደው ሳላውቀው ቀለለኝ።»

መምህር ይሄይስ፣ ሰው ማንበብ ያስተማሩን እርስዎ፣ የጋሽ ደምሰውን ፊት ሳያነቡ ሄዱ። እሳቸው ስለ እርስዎ ሲሉ የተታለሉ መሰሉ፤ እርስዎም ስለ እሳቸው ሲሉ ትንፋሽዎን ጨረሱ። ማን አሸነፈ ቢሉኝ መፍረድ አልችልም፤ ከሁለታችሁ መካከል ገብቼ ዳኛ የመሆን ድፍረቱም የለኝም። የሚናፍቁኝ ግን ከልክ በላይ ነው። አንድ ነገር ሳልነግርዎ አልቀርም፤ ትናንት ቅዳሜ ነበር፣ ጋሽ ደምሰው ራኬታቸውን ይዘው አዳራሽ መጡ። ልቡ አርፎ ይኑር ብለው የተጨነቁለት ሰው ደህና ነው። እንግዲህ አባቴ፣ እርስዎም ይረፉ።