ቦይ ውስጥ የጣልኩት ቂጣ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የደብራችን ሰባኪ ስለ መና ሰበከ። እስራኤል በምድረ በዳ ሲራቡ መና ከሰማይ እንደወረደላቸው፣ ለዕለት የሚበቃቸውን ብቻ እንዲሰበስቡ እንደታዘዙ፣ እነሱ ግን ለነገ ደብቀው እንዳሳደሩት፣ ያደረውም ተልቶ እንደሸተተ በድምፅ ማጉያው ነገረን። «እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ምን ትሏቸዋላችሁ?» ሲል ሕዝቡ ሳቀ። ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወሩም ጥቅምት። ማሽላችን ዘለላው ሞልቶ፣ ፍሬው ግን ገና ወተት እንደያዘ፣ አባቴን ወባ ጣለው። እናቴ ከደብረ ሲና ወዲያ ወዳለ ሐኪም ቤት ይዛው ወጣች። ለወላጆቼ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማሽላው የዓመት ቀለባችን ነው፤ ግሪሳ ወፍ ከወረደበት ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ የሚተርፈው አገዳው ብቻ ነው። አክስቴ ትከሻዬን ይዛ፣ «በየሦስት ቀኑ ስንቅ እልክልሻለሁ። አንቺ ብቻ ማማውን እንዳትለቂ» አለችኝ። ወንጭፌን ይዤ፣ አባቴ በአራት የግራር ቋሚ ላይ ወደሠራው ማማ ወጣሁ።

መንደራችን ከማሳው የሁለት ሰዓት ዳገት ነው። ግሪሳው ፀሐይ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል ይበረታል፤ በመካከሉም ቢሆን አያምኑትም። ከማማው ላይ ሆኜ ሩቅ፣ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ አያለሁ። ድምፃቸው አይሰማም። የአባቴን አሮጌ ካፖርት ለብሶ ማሳው መሐል የቆመ ማስፈራሪያ ነበረን፤ በአራተኛው ቀን «እንዴት አደርክ?» ማለት ጀመርኩ። ባይመልስልኝም ካፖርቱ የአባቴ ስለሆነ ዝምታው ያስቀይመኝ ነበር።

የምሰማው የሰው ድምፅ የጋሽ ሁሴን ብቻ ነበር። ማሳቸው ከመስኖው ቦይ በታች፣ ከኛው ጋር ኩታ ገጠም ነው፤ ቤታቸውም እዚያው ማሳቸው ዳር። ወፍ ሲያባርሩ ጅራፋቸው ይጮሃል፤ ከጅራፉ ቀጥሎ «ሃይ! ሃይ!» ይላሉ። አባቴ በክረምቱ መጨረሻ ያለ ተራው ውሃ ጠልፎባቸው ከተጣሉ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አቁመው ነበር። ጥፋቱ የኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አባቴ ያኮረፈውን እኔም አኮረፍኩ። ልጅነት እንዲህ ነው።

የአክስቴ ስንቅ አልመጣም። ለካ እሷንም ወባ ጥሏት ኖሯል። የያዝኩት በሶ ሲያልቅ ጥንቅሽ እየመጠጥኩ አንድ ቀን ዋልኩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማማው ሥር ካለችው የማደሪያ ጎጆዬ ብወጣ ከማማው ቋሚ ላይ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ተንጠልጥሏል። ፈታሁት። ገና ሙቀቱ ያልወጣለት የማሽላ ቂጣ፣ በዘይትና በአዋዜ የተቀባ። ዙሪያውን አየሁ፤ ሰው የለም። አማትቤ በላሁ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም።

እናቴ የመናውን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምራ ነግራኛለች። ማነው ያመጣው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። መጠየቅ የፈራሁ ይመስለኛል፤ ሰው ከሆነ ሰው ይሰለቻል። እግዚአብሔር ቢሆን ይሻለኛል አልኩ። ብል ግን፣ ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም መሰለኝ፣ ነገ ቢቀርስ እያልኩ ከሁለት ሦስት ቀን ቂጣ ግማሽ ግማሹን ደበቅሁ። ጉንዳን እንዳይደርስበት ቅል ውስጥ ከትቼ አፉን በጭቃ ደፈንኩት። ደጋ ቢሆን ደርቆ ድርቆሽ ይሆን ነበር። ለቆላ ሙቀት፣ ለዚያውም ዘይት የነካውን ቂጣ አፍኜ! ከአምስት ቀን በኋላ ስከፍተው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ፣ ትል ይርመሰመስበታል። ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ።

ደነገጥኩ። የታሪኩ ትል ይኸው መጣብኝ ብዬ፣ ማንም ሳያይብኝ ቅሉን ይዤ ሮጥኩና ሁሉንም ቦይ ውስጥ ገለበጥኩት። ውሃው ቁራሾቹን አንሳፍፎ ይዟቸው ሄደ። ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አላሰብኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቋሚው ላይ ምንም የለም። በሁለተኛውም ቀን። እግዚአብሔር ተቆጣኝ ብዬ ማማው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የራበው ሆዴ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ያን ቋጠሮ ስፈታ፣ በዚህች ምድር ላይ እኔን ያሰበ አንድ አለ ማለት ነበር፤ እሱ ቀረ። ያን ቀን ወንጭፉን ጥዬ፣ ማሽላውንም ለወፍ ሰጥቼ ወደ መንደር ለመውጣት አንድ እግሬን ከማማው አውርጄ ነበር። የአባቴ ካፖርት ቆሞ ሲያየኝ እግሬን መለስኩ።

በሦስተኛው ጠዋት ማማው ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ቋጠሮ የማሽላ ዱቄት፣ በቅጠል የተጠቀለለ ጨው፣ አዲስ ጣሳ፣ ክብሪት። ከቋሚው ሥር ደግሞ እግሯ በልጥ የታሰረ ቀይ ዶሮ ቆማ ታየኛለች። ለእስራኤል ከመናው ቀጥሎ ድርጭት ወረደላቸው አይደል? ሳቅሁ፤ ከስንት ቀን በኋላ። ታዲያ ዶሮዋን ማን ያርድልኛል? በኛ ዘንድ ሴት ቢላ አታነሳም። ስለዚህ ዶሮዋ ከረመች። ከማስፈራሪያው ትሻላለች፤ ቢያንስ ስናገር አንገቷን ታዘነብላለች። ዱቄቱ እየተተካ፣ እኔም እየጋገርኩ እናቴ እስክትመጣ ደረስን። አባቴ ዳነ። ማሽላውም ተረፈ፤ ዶሮዋን አቅፌ ቤት ገባሁ።

በጥር፣ ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ፣ የጋሽ ሁሴን ልጅ ዘይነባ አገኘችኝ። እኩያዬ ናት።

«ዶሮዋ ደህና ናት?» አለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘይነባ ረጋ ብላ ቀጠለች፦ «ለብቻዋ ያለች ልጃገረድ ጋ ወንድ ሲመላለስ ቢታይ ስም ይወጣባታል ብሎ ነው አባዬ ጎህ ሳይቀድ ለሱብሂ ሶላት ሲነሳ ያደርስልሽ የነበረው። ቂጣው በቦይ መጥቶ ማሳችን ውስጥ ሲያገኘው፣ ‹የእስላም እጅ ያረፈበት አይሆንላት ይሆናል፤ ሃይማኖቷ ነው፣ አትቀየሟት። በገዛ እጇ ትሥራ› አለ።»

እንግዲህ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «በልቼዋለሁ፤ የሻገተው ስስታም ስለሆንኩ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ከበደኝ። «እግዜር ይስጥልን በይልኝ» ብዬ ዞር አልኩ። ጋሽ ሁሴን ከአባቴ ጋር በሽማግሌ ታርቀው፣ ቤታችን እየገቡ እየወጡ ስንት ዓመት ኖሩ። ባየኋቸው ቁጥር ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። አንድ ጠዋት መሞታቸውን ሰማሁ።

ዘይነባና እኔ ሁለታችንም ወደ ከተማ ገብተን አረጀን። ባሌ ሞቷል፤ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ስልክ ይደውላሉ። ቤቷ ስሄድ ዘይነባ ሙዝ ከነልጣጩ፣ ለስላሳ ከነክዳኑ ታቀርብልኛለች። የሠራችውን አቅርባልኝ አታውቅም። አልቀረበችኝም እያልኩ በልቤ ስቀየማት ኖሬያለሁ፤ እየቆየሁም መሄዱን ተውኩት።

ከስብከቱ ማግስት፣ ሰኞ፣ ባጃጅ ይዤ ማንጎ ወደምትሸጥበት ሄድኩ። ከሸራው ጥላ ሥር አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅሉን፣ ጭቃውን፣ ትሉን። «አንድም ቀን አልተጸየፍኩም። ስስት ነው። ፈርቼ ነው፣ ዘይነባ» አልኳት።

በእጇ የያዘችውን ማንጎ አስቀመጠች። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አስተካከለች።

«አባዬስ ‹ሃይማኖቷ ነው› ብሎ ተወው» አለች በመጨረሻ። «የምጋግረው ግን እኔ ነበርኩ። በሌሊት ተነስቼ። ወላሂ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን፣ እጄ ምን አድርጓት ነው እያልኩ ኖርኩ።»

እሷም እንደኔው ብቻዋን ይዛው እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ የደበቅሁት ነገር በሷ ሆድ ውስጥ ሲሻግት ኖሯል። እንባዬ መጣ፤ ይቅር በይኝ አልኳት።

ከኋላዋ ምሳዋን ከጨርቅ ፈታችና ቂጣውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጠች። ማሽላ ነው። ስበላ አፍ አፌን እያየች ጠበቀችኝ። መዳፌ ላይ የቀረችውን ፍርፋሪ ሳይቀር ለቅሜ በላሁ።

«ለማታ የሚሆን ልቋጥርልሽ?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት፣ «ነገ ራሴ እመጣለሁ።»